በሞትና በትንሣኤ መካከል፦ የዮሐንስ 22ኛ ስብከትና የቀብር ትምህርታችን

በ1331 (ዓ.ም. ከተባለበት በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የቅዱሳን ሁሉ በዓል በሚከበርበት በኖቬምበር 1 ቀን፣ በደቡብ ፈረንሳይ በአቪኞን ከተማ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፈው አንድ ሽማግሌ ለስብከት ቆመ። ሽማግሌው የሮም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ ነበር። ያስተማረውም ሰሚዎቹን አስደነገጠ፦ በክርስቶስ የሞቱ ቅዱሳን ነፍሳት አሁን የእግዚአብሔርን መለኮት ፊት ለፊት አያዩም፤ የሚያዩት ሥጋቸው ከተነሣና የመጨረሻው ፍርድ ከተፈጸመ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በራእይ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው ከመሠዊያው በታች ናቸው። መሠዊያው የክርስቶስ ሰውነት ነው፤ ነፍሳቱ በእርሱ ሥር ዐርፈው ይጽናናሉ፤ ከፍርድ በኋላ ግን ከመሠዊያው በላይ ወጥተው መለኮቱን ያያሉ። ምሳሌውን ራሱ አልፈጠረውም፤ ሁለት መቶ ዓመት ያህል የሚቀድመው በርናርድ ዘክሌርቮ በዚሁ በዓል ስብከቶቹ ተጠቅሞበታል። ጃንዋሪ 5 ቀን 1332 ደግሞ ዮሐንስ ትምህርቱን ወደ ኃጥአን ዘረጋው፦ እነርሱም ሆኑ አጋንንት ከመጨረሻው ፍርድ በፊት ወደ ገሃነም አይገቡም አለ።

ይህ የአቪኞን ክርክር እኛን ወንጌላውያንን ምን ያገባናል? ይሉ ይሆናል። እስኪ በቅርቡ የተገኙበትን ቀብር ያስታውሱ። ሰባኪው፣ እህታችን ወደ ጌታ ሄዳለች፣ አሁን በሰማይ ሆና ፊቱን እያየች ትዘምራለች ብሎ ያጽናናል። ከተሰሎንቄ መልእክት ስለ ትንሣኤ የሚናገረው ክፍል ይነበባል፤ ስብከቱ ግን ብዙ ጊዜ ወደዚያ አይደርስም። ለተማሪዎቼ፣ አማኝ በሞተበት ቅጽበት ሁሉን ካገኘ ትንሣኤ ሙታን ምን ይጨምርለታል? የሚል ጥያቄ ሳቀርብ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ዮሐንስ 22ኛ መልስ ሊሰጥበት የሞከረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። መልሱ ስሕተት ነበር፤ ጥያቄው ግን ስሕተት አልነበረም።

ከእርሱ በፊት የነበሩት አባቶች ይህን ጥያቄ በሚገባ ያውቁታል። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ዮስጦስ ሰማዕት ከትሪፎ ጋር ባደረገው ሙግት፣ የሙታን ትንሣኤ የለም፣ ነፍሳችን እንደ ሞትን ወደ ሰማይ ትወሰዳለች የሚሉትን ክርስቲያን ብላችሁ አትቍጠሯቸው ይላል። ኢሬኔዎስም መናፍቃንን በተቃወመበት በአምስተኛው መጽሐፉ፣ ጌታ ራሱ በሙታን ስፍራ ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ከተነሣ ደቀ መዛሙርቱም ትንሣኤያቸውን በተዘጋጀላቸው የማይታይ ስፍራ ሊጠብቁ ይገባል ሲል ያስተምራል። ጠርጡሊያኖስ ከዚህ የተለዩ የሚያደርጋቸው ሰማዕታትን ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች ሥጋን ከሚንቁ ግኖስቲኮች ጋር እየታገሉ ነበርና ትንሣኤን ለአፍታም ከዓይናቸው አላራቁም።

ወደ አቪኞን እንመለስ። በጃንዋሪ 1333 ቶማስ ዌሊስ የተባለ እንግሊዛዊ የዶሚኒካን መነኩሴ በዚያው ከተማ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ትምህርት ተቃውሞ ሰበከ፤ ብዙም ሳይቆይ ታሰረ። ክርክሩ ወደ ፓሪስ ተሻገረ፤ በ1333 መጨረሻ የፈረንሳይ ንጉሥ ፊሊፕ 6ኛ ሊቃውንቱን በቬንሰን ሰብስቦ አነጋገራቸው፤ እነርሱም ዮሐንስ ያስተማረውን አልተቀበሉም። ስለ ድህነት ሥርዓት ከዮሐንስ ተጣልተው ወደ ሙኒክ የሸሹት ፍራንሲስካውያን፣ ከእነርሱም ዊልያም ኦካም፣ አጋጣሚውን መናፍቅነቱን ለማስመስከር ተጠቀሙበት። ስለዚህ ሁሉም ተከራካሪ ለእውነት ብቻ ተከራክሯል ማለት አይቻልም። ከጀርባው ሌላም ጕዳይ ነበር፦ ቅዱሳን እግዚአብሔርን ገና ካላዩ ስለ እኛ እንዴት ያማልዳሉ? በ1323 ቶማስ አኵዊናስን ቅዱስ ብሎ የሰየመው ይኸው ዮሐንስ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ አኵዊናስ ደግሞ የነጹ ነፍሳት ትንሣኤን ሳይጠብቁ እግዚአብሔርን ያያሉ ብሎ ያስተማረ ሰው ነው። እኛ በቅዱሳን ምልጃ ስለማንታመን ይህ ምክንያት አያስጨንቀንም። ሌላው ግን ያስጨንቀናል፤ ጌታ ለወንበዴው ዛሬ ብሎ ገነትን ተስፋ ሰጥቶታል፤ ጳውሎስም ከሥጋ ተለይቶ ከክርስቶስ ጋር መኖርን ናፍቋል። የመሠዊያው ምሳሌ እነዚህን ክፍሎች ሊሸከም አልቻለም።

ዮሐንስ ነገሩን እንደ አንድ መምህር ሐሳብ አቀረብሁት እንጂ አልደነገግሁትም ይል ነበር። ዲሴምበር 3 ቀን 1334፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ በካርዲናሎቹ ፊት ትምህርቱን ተወ፦ የነጹ ነፍሳት በሰማይ ከክርስቶስ ጋር ናቸው፣ እግዚአብሔርንም ፊት ለፊት ያያሉ አለ። ነገር ግን ከሥጋ የተለየች ነፍስ ሁኔታ እስከ ፈቀደ ድረስ የሚል ሐረግ ጨመረበት። ተተኪው ቤኔዲክቶስ 12ኛ ጃንዋሪ 29 ቀን 1336 ባወጣው ድንጋጌ ጕዳዩን ዘጋው። የነጹት ከትንሣኤ በፊት መለኮትን ያያሉ፤ መንጻት የቀራቸውም ከነጹ በኋላ ያያሉ፤ በሞት ኃጢአት የሞቱት እንደ ሞቱ ወደ ገሃነም ይወርዳሉ፤ ይህም ሆኖ በፍርድ ቀን ሁሉ ከነሥጋው ይቆማል። የዮሐንስ ሐረግ በድንጋጌው ውስጥ የለም። በእኔ ግምት እዚህ ላይ አንድ ነገር ጐደለ፤ ትንሣኤ አልተካደም፣ ግን ሙሉው ደስታ ቀድሞ ስለ ተሰጠ መጨረሻ ላይ የሚታከል ነገር መሰለ።

ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ካልቪን በ1534፣ ገና የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሳለ፣ ነፍስ እስከ ትንሣኤ ታንቀላፋለች በሚሉት ላይ የመጀመሪያውን የነገረ መለኮት ሥራውን ጻፈ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1542 ነው። ነፍስ ከሞት በኋላ ነቅታ በክርስቶስ ትኖራለች ብሎ በጽኑ ይሟገታል። ይሁን እንጂ በትልቁ የትምህርት መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል፣ የአማኞች ነፍሳት በተባረከ ዕረፍት ሆነው የተስፋውን ክብር ይጠባበቃሉ፤ ክርስቶስ እስኪገለጥ ነገር ሁሉ ሳይፈጸም ይቆያል ይላል። ከዚህ አልፎ ስለ ስፍራው መመራመርንም ይከለክላል። ዕረፍቱ እውነተኛ ነው፤ ግን ገና ሙሉ አይደለም። ስለ ዮሐንስ 22ኛ ሲጽፍ ግን ሚዛኑን ስቷል፤ ነፍስ ከሥጋ ጋር ትሞታለች ብሎ እንዳስተማረ አድርጎ ከሶታል፤ ዮሐንስ እንዲህ አላለም። በዚህ የተሐድሶ አባታችንን ልንከተለው አይገባም።

የእኛ አገር ሁኔታ የራሱ ታሪክ አለው። ወንጌላውያን ተዝካርና ጸሎተ ፍትሐት ለሞተው አይጠቅመውም ብለን በየቤተሰቡ፣ አንዳንዴም በእንባ፣ ስንከራከር ኖረናል። ሰው እንደ ሞተ ጕዳዩ አበቃ የሚለው ቃላችን የተሳለው በዚህ ክርክር ይመስለኛል። አበቃ ሲባል ታዲያ ትንሣኤም አብሮ ተረሳ። ስለ ኃጥአን ስንናገርም እንዲሁ ነው። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ሲኦልንና ገሃነምን ለይቶ ያስቀምጣል፤ በሉቃስ 16 ባለጠጋው የሚሠቃየው በሲኦል ነው፤ በራእይ 20 ደግሞ ሲኦል ራሱ ወደ እሳት ባሕር ይጣላል። በስብከታችን ግን ሁለቱ ቃላት አንድ ሆነዋል፤ ከፍርድ ቀን በፊት ያለው ሥቃይና ከፍርድ ቀን በኋላ ያለው ቅጣትም አብረው ተቀላቅለዋል። ዮሐንስ በጃንዋሪ 1332 ያነሣው ጥያቄ ይህን ልዩነት የነካ ነበር፤ መልሱ ባይረባም።

በ1646 የተዘጋጀው የዌስትሚንስተር እምነት መግለጫ በምዕራፍ 32 ላይ የጻድቃን ነፍሳት ወዲያው ወደ ሰማይ ገብተው የእግዚአብሔርን ፊት ያያሉ ሲል ከቤኔዲክቶስ ጋር ይስማማል፤ ከሰማይና ከገሃነም በቀር ሦስተኛ ስፍራ የለም ሲል ደግሞ ከእርሱ ይለያል። ነገር ግን ነፍሳቱ ፊቱን እያዩም የሥጋቸውን ሙሉ ቤዛነት ይጠባበቃሉ ይላል። የምዕራፉ ርእስም ስለ ሰው ከሞት በኋላ ያለ ሁኔታና ስለ ሙታን ትንሣኤ የሚል ነው፤ ሁለቱን በአንድ ምዕራፍ አስሯቸዋል።