የወገል ጤናው ኦፓል እና የማርስ ውኃ፦ ስለ ፕላኔቶች አስገራሚ እውነታዎች

የደላንታ ወረዳ ከተማ የኾነችው ወገል ጤና በከበሩ ማዕድናት ገበያ ስሟ የሚነሳው በኦፓል ነው። ማዕድኑ በአካባቢው ገደላማ ሥፍራዎች የተገኘው እ.ኤ.አ በ2008 ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም (ናሳ) ማርስን የምትዞር መንኮራኩሩ በፕላኔቷ ላይ ኦፓል ማግኘቷን ይፋ አድርጓል።

ግኝቱ ትኩረት የሳበው ኦፓል ያለ ውኃ ስለማይፈጠር ነው። ውኃ በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ ሲሰርግ ሲሊካ የተባለውን ንጥረ ነገር ያሟሟል፤ ሲሊካውም በዓለቱ ስንጥቆች ውስጥ ረግቶ ይጠጥራል። የወገል ጤናው ኦፓልም ከእሳተ ገሞራ አመድ በተፈጠረ ስስ የዓለት ንጣፍ ውስጥ ይገኛል። በመኾኑም በማርስ ላይ የተገኘው ኦፓል ፕላኔቷ በአንድ ወቅት ፈሳሽ ውኃ እንደነበራት ያመለክታል።

ታዲያ ውኃው የት ደረሰ? የማርስ ስበት ከምድር ስበት 38 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ምድርን የሚጠብቃት ዓይነት መግነጢሳዊ መስክም ዛሬ የላትም። ስለዚህ ከፀሐይ የሚነሳው የቅንጣቶች ነፋስ አየሯን በረጅም ዘመን ጠርጎ ወስዶታል። የተረፈው ውኃ በዋልታዎቿ በረዶ፣ በከርሰ ምድሯና እንደ ኦፓል ባሉ ማዕድናት ውስጥ ተይዟል።

ስለ ሌሎቹ ፕላኔቶችም የሚከተሉት ይጠቀሳሉ፦

• ሜርኩሪ፦ ቀን 430፣ ሌሊት ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። በደጋ ሰማይ በጠራ ሌሊት ውርጭ እንደሚበረታው ኹሉ፣ በሜርኩሪም ሙቀት የሚይዝ አየር የለም ማለት ይቻላል።

• ቬነስ፦ አርሶ አደሩ የንጋት ኮከብ የሚላት ይህችው ፕላኔት ናት። ጥቅጥቅ ያለው አየሯ ሙቀትን አፍኖ ስለሚይዝ 460 ዲግሪ ገደማ ትግላለች።

• ምድር፦ 23.4 ዲግሪ ዘንበል ብላ ፀሐይን መዞሯ ለክረምትና ለበጋ መፈራረቅ ምክንያት ነው።

• ጁፒተር፦ ክብደቷ ከሌሎቹ ሰባት ፕላኔቶች ድምር ከእጥፍ በላይ ነው፤ በራሷ ዛቢያ ለመዞር ግን 10 ሰዓት ያህል ይበቃታል።

• ሳተርን፦ እፍጋቷ ከውኃ ያነሰ ነው።

• ዩራነስ፦ በጎኗ ተጋድማ ትዞራለች።

• ኔፕቱን፦ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 165 ዓመት ይፈጅባታል።

ከሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተር እና ሳተርን መካከል በሰማይ ላይ የሚታዩትን በጠራ ሌሊት ያለ መሣሪያ መመልከት ይቻላል። ከዋክብት ብልጭ ድርግም ሲሉ ፕላኔቶች ግን በአብዛኛው ብርሃናቸው የረጋ ነው። ከእነዚህም ቀላ ብላ የምትታየው ማርስ ናት።