ሱፐር ቱካኖ
ሱፐር ቱካኖ (ኤ-29) የብራዚሉ ኤምብራየር ኩባንያ የሚሠራው ቀላል የጥቃትና የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው። ስሙ ትልቅ መንቆር ካለው የደቡብ አሜሪካ ወፍ የተወሰደ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ከበረረው ቱካኖ ከተባለው ማሠልጠኛ ተወለደ፤ ሱፐር ቱካኖ ራሱ በ1999 እ.ኤ.አ. ሰማይ ላይ ወጣ። ብራዚል የፈለገችው በሰፊው የአማዞን ደን ላይ ሕገወጥ በረራዎችን የሚያሳድድ አውሮፕላን ነበር።

ሞተሩ ተርቦፕሮፕ ነው፦ የሚነደው ነዳጅ የሚፈጥረው ትኩስ ጋዝ ተርባይን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑም በማርሽ አማካይነት ፕሮፔለሩን ያዞራል። ጉልበቱ 1,600 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል። ከጄት ይዘገያል፤ ጥቅሙ ግን እዚሁ ዝግታው ላይ ነው። በጥቂት ነዳጅ ለሰዓታት ያንዣብባል፣ ካልተነጠፈ ሜዳም ይነሣል። አብራሪው መሬቱን አስተውሎ ለማየት ጊዜ ያገኛል፤ ሲቪሎች ባሉበት አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በክንፎቹ ውስጥ ሁለት 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየሶች አሉት፤ ቦምብና ሮኬት የሚንጠለጠልባቸው አምስት ቦታዎችም አሉ። ባለሁለት መቀመጫው ዓይነት ተማሪውን ከፊት፣ አስተማሪውን ከኋላ ያስቀምጣል። የመሣሪያ ማሳያዎቹ ከተዋጊ ጄት ማሳያዎች ጋር ስለሚመሳሰሉ ሠልጣኙ ወደ ጄት ሲሻገር እንግዳ አይሆንም።

ጠንካራ የአየር መከላከያ ባለበት ግን አውሮፕላኑ በቀላሉ ይመታል። ኮሎምቢያ ከሽምቅ ተዋጊዎች ጋር ባደረገችው ውጊያ ተጠቅማበታለች፤ ናይጄሪያም በ2021 እ.ኤ.አ. 12 ተረክባለች።