ሳያሰማ የታጠበ ሉህ

 

ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ዓመት ሳይሞላው ሻንጣውን ይዞ ሲመለስ፣ «ሰነፈ፣ ጓደኛ አበላሸው» እንላለን። ታሪክ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ፊደሉ ይመልሰናል።

በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ከበድር ዘመቻ በኋላ፣ ጽሕፈት የሚያውቁና ቤዛ የሚከፍሉት የሌላቸው ምርኮኞች እያንዳንዳቸው 10 የመዲና ልጆችን አስተምረው ነፃ እንዲወጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መወሰናቸውን የሲራ ጸሐፍት ዘግበዋል። ከጠላት እጅ እንኳ ቢሆን ፊደል ተፈለገ።

ቁርኣን ቤታችን ይህን መሠረት ጠብቆ ኖሯል። ልጁ በሉሁ ላይ የተጻፈውን አጥንቶ ለኡስታዙ ሳያሰማ ሉሁ አይታጠብም፤ አዲስም አይጻፍለትም። አሊፍን ሳይለይ ፊቅህና ነሕው የሚጀምር የለም። እዚህ ጎጃም፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በተማሩባት ደብረ ኤልያስም፣ የጎረቤቶቻችን የቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው፤ ፊደል ቀድሞ፣ ንባብና ዳዊት ተከትሎ፣ ቅኔ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ለድሃው ልጅ ሰፊ በር ከፍቷል፤ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉትን ሳይጥሉ ማሳለፍ ተለመደ። ሐሳቡ ሕፃኑ ተስፋ ቆርጦ እንዳይቀር ነበር። ደካማውን ለይቶ የሚደግፍ በሌለበት ግን ብዙው ሳያነብ አለፈ፤ ሳያሰማ ሉሁ ታጠበለት። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። ያልገባውን መሸምደድ ያዘ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015ም 3.2 በመቶ። መንግሥት ከቀሩት ለተወሰኑት ማካካሻ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ከፈተ። ነገር ግን የ12 ዓመት ጉድለት በአጭር ጊዜ እንዴት ይሞላል? ዩኒቨርሲቲ ፊደል አያስቆጥርም። መምህሩ ይፈጥናል፣ መጽሐፉ ይከብዳል፣ ልጁ መጠየቅ ያፍራል፤ አንድ ቀን ሻንጣውን ያነሣል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የ2ኛ ክፍል ልጃችሁን አስነብቡት። የለመደውን ገጽ አይሁን፤ እሱን በቃሉ ይወጣዋል። አይቶት የማያውቀውን ገጽ ስጡት። ማንበብ የማትችሉ ከሆነ ታላቁ ያዳምጠው። ከተደናቀፈ አትቆጡት፤ መምህሩን አነጋግሩ፣ በየቀኑ ጥቂት ያንብብ። የወደቀው ገና ሊነሣ በሚችልበት ቦታ ነውና።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቃቸው። አሚን።