የቀጥቃጭ ወናፍ
የፍየል ቆዳ፣ እንጨት፣ ሸክላ፤ ምዕራብ ጎጃም

በመራዊና በቡሬ ገጠር፣ እነዚህን ሁለት አቅማዳዎች ተራ በተራ እየከፈተና እየተጫነ ፍሙን ሲያናፋ የሚውለው ቀጥቃጭ፣ ማረሻውን ጠዋት አስልቶ የወሰደው ገበሬ ማታ «ቡዳ ነው» ብሎ የሚሸሸው፣ ብዙውን ጊዜም ርስት ስለማይኖረው የዓመት ሲሳዩን በመኸር ከሌላው አውድማ በስፍር የሚቀበል ሰው ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ስድቡ ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ፤ የርስት ሥርዐትም እስከ 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ ጸንቶ ኖረ።

በግራው አቅማዳ ላይ ያለውን የጠፍር ጥጋን ልብ ይሏል፤ ቆዳውን ያለፋው ፋቂም የዚያው ስድብ ተካፋይ ነበረ።