ከሞያሌ ወደ ቻልቢ በረሃ በመኪና ለመጓዝ ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የተቀመጠችው ሞያሌ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከኬፕታውን ተነስተው ወደ ካይሮ የሚያቀኑ መንገደኞች ካምፐር በሚባሉት መኝታና ማብሰያ የተገጠመላቸው መኪኖች ለዓመታት ተመላልሰውባታል። ለአብዛኞቹ ግን ሞያሌ ፓስፖርት ተመቶባት የምትታለፍ ኬላ ብቻ ነበረች።

ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የማርሳቢት ግዛት ግን ለብቻው ጉዞ የሚገባው ስፍራ ነው። በደን የተሸፈነ ተራራ፣ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች፣ ቻልቢ የተሰኘው ጨዋማ በረሃ እንዲሁም በዓለም ትልቁ የበረሃ ሐይቅ ቱርካና በዚሁ ግዛት ይገኛሉ።

ዛሬ ከሞያሌ ማርሳቢት ከተማ ድረስ ያለው 250 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ነው። በአስፋልቱ የሚያልፍና ከአስፋልቱ የሚወጣ መንገደኛ ግን ዝግጅታቸው ሊመሳሰል አይችልም።

ትናንት ያስፈራ የነበረው መንገድ

ከኢሲዮሎ በማርሳቢት በኩል ሞያሌ የሚደርሰው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ካለው ጉዞ እጅግ አስቸጋሪው ክፍል ተደርጎ ይቆጠር ነበር። የጭነት መኪኖች ሽፍታን በመፍራት በፖሊስ ታጅበው ይጓዙ ነበር። ተሳፋሪዎችም ከከብቶች በላይ፣ በጭነቱ አናት ላይ ተቀምጠው ቀናትን ያሳልፉ ነበር።

ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት ሲኬድ የምትገኘው ቱርቢ የዚያ ዘመን ጠባሳ አለባት። በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 2005 ታጣቂዎች በመንደሯ ላይ በፈጸሙት ጥቃት፣ ሕጻናት ተማሪዎችን ጨምሮ በርካታ ሰዎች ተገድለዋል።

የአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ ያደረገለት የአስፋልት ሥራ በ2010ሮቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲጠናቀቅ፣ ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ ሰዓታት አጠረ። ታኅሣሥ 2020 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የሞያሌን የጋራ የድንበር መተላለፊያ መርቀው ከፈቱ። በዚህ አሠራር መንገደኛው የመውጫና የመግቢያ ጉዳዩን የሚጨርሰው በሚገባበት አገር በኩል ባለው አንድ ሕንጻ ውስጥ ነው።

ድንበሩን መሻገር

ኬንያ ከጥር 2024 ጀምሮ ቪዛን አስቀርታ በኢንተርኔት በሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ተክታለች። ኢትዮጵያና ኬንያ ዜጎቻቸው ያለ ቪዛ እንዲተላለፉ የቆየ ስምምነት አላቸው። የሌላ አገር ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ግን የኬንያን የጉዞ ፈቃድ አስቀድመው ማግኘት፣ የኢትዮጵያ ቪዛቸውም በየብስ ለመግባት እንደሚያገለግል ከመነሳታቸው በፊት ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

ከሰውየው ይልቅ የመኪናው ጉዳይ ይበልጥ ጊዜ ይወስዳል። የኢትዮጵያ ሰሌዳ ያለው መኪና ለጊዜው ከአገር የሚወጣበትን ሁኔታ ከጉምሩክ ኮሚሽን አስቀድሞ መጠየቅ፣ በኬንያ በኩል ደግሞ ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ለሦስተኛ ወገን መድን፣ ሁለቱም አገራት የታቀፉበት የኮሜሳ ‘ቢጫ ካርድ’ ከመድን ድርጅቶች ይገኛል። የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃም ከሰነዶቹ መካከል መኖር አለበት።

ከሰነዱ በኋላ የሚመጣው ለውጥ ሾፌሩን የሚመለከት ነው። በኢትዮጵያ የሚነዳው በቀኝ ሲሆን በኬንያ ግን በግራ በኩል ነው። መሪው በግራ የሆነ መኪና ከረጅም የጭነት መኪና ኋላ ሆኖ ለመቅደም ሲሞክር፣ ሾፌሩ ከፊት የሚመጣውን ለማየት ይቸገራል። ስለዚህ በቀኙ የሚቀመጠው ተጓዥ ዐይኑ ሊሆነው ይገባል። ግመልና ከብት በመንገዱ ስለሚተላለፉም በሌሊት መንዳት አይመከርም።

ማርሳቢት፡ የበረሃው ደጃፍ

ከሞያሌ በኋላ መንገዱ ሶሎሎንና ቱርቢን አልፎ ዲዳ ጋልጋሉ ወደተባለው ጥቁር ድንጋያማ ሜዳ ይገባል። ከዚያም ማርሳቢት ተራራ ከፊት ብቅ ይላል። ከታች ያለው ሜዳ በፀሐይ ሲነድ፣ ተራራው ጠዋት ጠዋት በጉም ይሸፈናል። ከሜዳው ሙቀት ለሚመጣ ሰው የማርሳቢት ሌሊት ጋቢ የሚያስናፍቅ ነው።

በማርሳቢት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በደን በተከበበ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ያረፈው ‘የገነት ሐይቅ’ ድንኳን ለመትከል ከሚመረጡት ቦታዎች አንዱ ነው። በደኑ ዝሆንና ጎሽ ስላሉ፣ በእግር ለመንቀሳቀስ የፓርኩን ጠባቂ ማስከተል ይገባል። ረጃጅም ጥርሶቹ ያስከበሩትና በፕሬዝዳንት ጆሞ ኬንያታ ልዩ ትእዛዝ ጥበቃ ይደረግለት የነበረው ‘አሕመድ’ የተባለው ዝሆን እስከ ሞተበት 1974 ድረስ የኖረው በዚሁ ተራራ ነበር።

በኬንያ ብሔራዊ ፓርኮች የመግቢያ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ አይፈጸምም። ከሰኔ 2020 ወዲህም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ፕላስቲኮችን፣ የውኃ ጠርሙስን ጨምሮ፣ ወደ ፓርኮቹ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ ውኃው በጀሪካን ወይም በመኪናው ታንከር፣ የሚጠጣው ደግሞ በብረት ኮዳ ቢያዝ ይመረጣል።

አስፋልቱ ሲያበቃ

ከማርሳቢት ወደ ማይኮና፣ ካላቻና ኖርዝ ሆር የሚወስደው የጠጠርና የአሸዋ መንገድ ነው። ቻልቢ ጥንት ሐይቅ የነበረ፣ አሁን ጨው የጋገረበት ዝርግ መሬት ነው። በደረቅ ወራት እንደ ሜዳ የሚነዳበት ይህ ስፍራ ዝናብ ሲጥል ወደ ጭቃ፣ አንዳንዴም ወደ ውኃ ይለወጣል። ከላይ የደረቀ የሚመስለው ቅርፊት ከሥሩ ጭቃ ሊደብቅ ስለሚችል፣ ከባድ ካምፐር ከነባሩ የጎማ ዱካ መውጣት የለበትም።

በአካባቢው ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚጥል በመሆኑ፣ ጥርና የካቲት እንዲሁም ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት ወራት ለጉዞ የተሻሉ ናቸው።

ጠባብ ጎማና ዝቅተኛ ሆድ ያለው ትልቅ ካምፐር ለዚህ መንገድ አይሆንም። የሚመረጠው በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ድንኳን ከጣሪያው ላይ የሚዘረጋበት እንደ ላንድክሩዘር ያለ መኪና ነው፤ ሁለት መኪና ሆኖ መጓዝ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ስለታሙ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጎማ ስለሚቆርጥ ሁለት ተለዋጭ ጎማ፣ አሸዋ ላይ አየር ቀንሶ በኋላ ለመሙላት የሚያገለግል መንፊያ፣ አካፋና መጎተቻ ገመድ ያስፈልጋሉ። ነዳጅ በሞያሌ ወይም በማርሳቢት ሞልቶ፣ ለመልሱም የሚበቃ በጀሪካን መያዝ ይገባል።

ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር ያላነሰ ውኃ መያዝ፣ መኪናው ቢበላሽ ርዳታ እስኪደርስ ለሚያልፉት ሁለትና ሦስት ቀናት የሚሆንም መጨመር ያስፈልጋል። የስልክ ኔትወርክ በየመንደሩ ቢገኝም በመካከል ይጠፋል።

ከኖርዝ ሆር ወደ ደቡብ ምዕራብ የቀጠለ መንገደኛ በቱርካና ዳርቻ ወዳለችው ሎይያንጋላኒ ይደርሳል። በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የቱርካና ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ የሆነው ደቡባዊው ደሴት ከዚያው ፊት ለፊት ነው። ሐይቁ አብዛኛውን ውኃ የሚያገኘው ከኢትዮጵያው ኦሞ ወንዝ ነው። አዞ ስላለበት ያለ አካባቢው ሰው ምክር አይዋኝበትም። ነፋሱም የዋዛ አይደለም፤ 365 ተርባይኖች ያሉት የኬንያ ግዙፍ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በዚሁ አቅራቢያ ነው። በጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን ያለው መኪናውን ከነፋሱ ከልሎ ማቆም አለበት።

በሰው አገር ውኃ

በረሃው ባዶ ቢመስልም ባለቤት አለው። በቻልቢ ዙሪያ ጋብራዎች፣ ከማርሳቢት በስተደቡብ ሬንዲሌዎች ግመል ያረባሉ፤ ቦረናዎች ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ይኖራሉ። መሠረታቸው ከኢትዮጵያ የሆነው ቡርጂዎችም በማርሳቢት በእርሻና በንግድ ይታወቃሉ። ከያቤሎ እስከ ማርሳቢት አፋን ኦሮሞ የሚናገር መንገደኛ ብዙ ጊዜ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ከ2020 መጨረሻ አንስቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳካላቸው በመቅረታቸው የማርሳቢት አርብቶ አደሮች በርካታ ከብት አልቆባቸዋል። በዚህ አገር ጉድጓድ የመንጋ ሕይወት ነው። እንግዳ ሰው ሳይጠይቅ ከጉድጓድ መቅዳት፣ በዚያው አጠገብ መኪና ማጠብ ወይም ድንኳን ተክሎ የከብቶችን መንገድ መዝጋት አይገባውም። የመንደሩን ሽማግሌ ወይም አስተዳዳሪ አነጋግሮ ማደሪያ መጠየቅ ወጉም ነው፣ ለደኅንነትም ይበጃል። ከአካባቢው መንገድ መሪ መቅጠር፣ ፍየልና ወተት መግዛትም ከጉዞው የሚገኘው ገንዘብ እዚያው እንዲቀር ያደርጋል።

መቼ ይቅር?

የግጭት ስጋት በአስፋልት ብቻ አልተወገደም። ግንቦት 2022 የኬንያ መንግሥት በማርሳቢት የተባባሰውን ግድያ ለመግታት የሰዓት እላፊ አውጆ ነበር። በኢትዮጵያ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጣቸው የጉጂና የቦረና ዞኖች፣ የመንግሥት ኃይሎች ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ብሎ ከሚጠራውና መንግሥት ‘ሸኔ’ ከሚለው ቡድን ጋር የተጋጩባቸው ናቸው። ከሞያሌ በስተምሥራቅ ወደ ዋጂርና ማንዴራ የሚወስዱት መንገዶች ደግሞ የአል ሸባብ ጥቃት የሚያሰጋቸው በመሆናቸው ለሽርሽር አይታሰቡም።

በመሆኑም ከመነሳት በፊት በነበረው ምሽትም፣ በተነሱበት ጠዋትም ስለ መንገዱ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሞያሌ የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ በማርሳቢት የፓርክ ጠባቂዎችና ፖሊሶች የመንገዱን ወሬ ከማንኛውም ካርታ ቀድመው ያውቃሉ። ወዴት እንደሚኬድና መቼ እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው ነግሮ መሄድ፣ በተባለው ቀን ካልተደወለ ማን ዘንድ እንደሚደወልም ማስታወቅ ይገባል።

ዝናብ ከጣለ ወይም የግጭት ወሬ ከተሰማ ቻልቢን ትቶ በማርሳቢት ተራራ መቆየት ይቻላል። ለዚህ የሚሆን ትርፍ ቀን ያልያዘ መንገደኛ፣ ሊያልፈው የማይገባውን መንገድ በችኮላ ለማለፍ ይገደዳል። ከውኃና ከነዳጁ እኩል በዕቅዱ ውስጥ ሊያዝ የሚገባው እንግዲህ ይኸው ትርፍ ቀን ነው።