ለባል ስም ያልነበረው ዘውድ፦ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ፣ ራስ ጉግሣ ወሌና የየጁ ቤት



ባለፈው በዚሁ መድረክ ስለ ራስ አሊ ልጅ ስለ እቴጌ ተዋበችና ስለ ደጃዝማች ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ተናግሬ ስጨርስ አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «ይህማ ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ልቦለድ ይመስላል፤ ክፍል ሁለት የለውም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የሚሳቅበት አልነበረም። ክፍል ሁለት አለው፤ የተፈጸመውም በዚሁ በየጁ ቤት ላይ ነው።

ባለፈው ላልነበራችሁ ባጭሩ ላስታውስ። ከደብረ ታቦር ሆኖ አገሩን ይገዛ የነበረው የየጁ ቤት፣ ያ የቋራ ሽፍታ አላስቀምጥ ቢለው፣ ልጁን ድሮ ሊያስረው ፈለገ። ተዋበች ገመድ ሆነው ተላኩ። ነገር ግን ከአባታቸው ይልቅ ከባላቸው ወገን ቆሙ፤ በ1845 ዓ.ም. ራስ አሊ አይሻል ላይ ድል ሲሆኑም ተዋበች የካሣ ሚስት ነበሩ። እንግዲህ በክፍል አንድ ሴቲቱ መርጠዋል። ክፍል ሁለትን የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ መምረጥ የሚባል ነገር አልነበረም።

እኔ ያደግሁት መርሳ ነው። አያቴ ቡና እያፈሉ ሲያወጉ፣ «ጉግሣማ የሞተው ሚስቱን ብሎ ነው፤ እሷም ሞቱን ሰምታ ሁለት ቀን አላደረች» ይሉን ነበር። በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ የታሪክ መጻሕፍት ሳነብ አያቴ በቀኖቹ እንዳልተሳሳቱ አየሁ። ራስ ጉግሣ ወሌ የወደቁት መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ያረፉት መጋቢት 24 ቀን ነው። አያቴ የሳቱት ምናልባት ምክንያቱን ነው፤ ስለዚህ «ምናልባት» በኋላ እመለስበታለሁ።

ዘውዲቱ ገና በልጅነታቸው ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተድረው፣ ባላቸው በ1880 ዓ.ም. ሞተባቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት አጫጭር ትዳሮች አለፉ። በ1892 ዓ.ም. አራተኛ ባላቸው ራስ ጉግሣ መጡ፤ የየጁ ገዥ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ። ጋብቻው የምኒልክን ልጅ ከጣይቱ ቤት ጋር ማሰሪያ እንደሆነ ማንም አልሸሸገም። ሆኖም በማሰሪያነት የተጀመረ ነገር ሁሉ በማሰሪያነት አይቀርም። ይህ ትዳር ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲገለሉ አልፈረሰም። ምኒልክ አርፈው ልጅ ኢያሱ ዘውዲቱን ከከተማ አርቀው ፋሌ ባስቀመጧቸው ዘመንም አልፈረሰም። ያፈረሰው ዘውዱ ነው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ የሸዋ መኳንንት ኢያሱን ሽረው ዘውዲቱን አነገሡ፤ ራስ ተፈሪን አልጋ ወራሽና እንደራሴ አደረጉ። ንግሥቲቱ ከባላቸው እንዲለያዩ፣ ጉግሣም በጌምድርን ይዘው ወደዚያ እንዲሄዱ ተወሰነ። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሱታል፤ መኳንንቱ የጣይቱ ወገን ተመልሶ እንዳያንሰራራ ፈሩ ይሉናል። እውነት ነው፤ ፈርተዋል። ለእኔ ግን ይህ ግማሹ ብቻ ነው።

እስኪ የማዕረጉን ስም ልብ በሉት። ምንትዋብ እቴጌ የተባሉት በዐፄ በካፋ ነው፤ ጣይቱም በምኒልክ። እቴጌነት የንጉሠ ነገሥት ሚስትነት ነው፤ በስሙ ውስጥ ባል አለበት። ዘውዲቱ ግን በራሳቸው የነገሡ ናቸውና እቴጌ ሊባሉ አልቻሉም፤ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ። ለእሳቸው ስም ተገኘ። ለባላቸውስ? የነገሠች ሴት ባል በግብራችን ሥርዓት የሚቀመጥበት ወንበር፣ በአዋጅ የሚጠራበት ቃል አልነበረም። ቃል የሌለው ሰው ደግሞ ሁለት ዕጣ ብቻ አለው፤ ወይ ሁሉንም ይሆናል፣ ወይ ምንም። መኳንንቱ «ሁሉንም ይሆናል» ብለው ሠጉ፤ ምንም አደረጓቸው። ስለዚህ የየጁን ቤት ባይፈሩ እንኳ፣ የዘውዲቱ ባል ከሌላ ቤት ቢሆኑ ኖሮ፣ ትዳሩ ይተርፍ ነበር ብዬ አላምንም።

የተሰደዱበት ስፍራም የሚገርም ነው። የጉግሣ የዘር ሐረግ ወደ ስመ ሞክሼያቸው ወደ ራስ ጉግሣ መርሱ ይወጣል፤ እኒያ ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው አገር የገዙ የየጁ ሰው ናቸው። ሰውየውን ከሚስታቸው አልጋ ለማራቅ ወደ ቅድመ አያቶቻቸው መቀመጫ ሰደዷቸው። ይህን ያሰበው ሰው ብልህ ነበር ለማለት ይከብደኛል።

ያቺ ተማሪ በልቦለድ ውስጥ ማንነቱን የሚሰውር ሰው አይጠፋም ብላኝ ነበር። በዚህ ዘመን ታሪክም አይጠፋም፤ ልጅ ኢያሱ በ1924 ዓ.ም. ከፍቼ እስር ያመለጡት የሴት ልብስ ለብሰው እንደሆነ ይነገራል። የዘውዲቱና የጉግሣ ስውርነት ግን በልብስ አልነበረም። ባል በአገረ ገዥ ስም ተሰወረ። ሚስት በማኅተም ውስጥ ተሰወረች። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው ትእዛዝ በንግሥቲቱ ስም ይወጣል፤ የዕለት ተዕለቱን አስተዳደር የያዙት ግን ተፈሪ ናቸው። ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው፣ «ይህን የምትለኝ ማን ናት? ዘውዲቱ ናት ወይስ መንግሥት?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው አልነበረም። ጉግሣ እንዲመለሱ ንግሥቲቱ ደጋግመው ለመኗቸው የሚለውን ዘገባ ሳነብ ሁልጊዜ የምቆመው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ተፈሪ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ሚዛኑ በግልጽ አዘነበለ። በዚያው ሰሞን ራያና አዘቦ ሸፈተ። ጉግሣ ዐመፁን እንዲያግዙ ሳይሆን እንዲያጠፉ ታዘዙ፤ ከዐመፀኞቹ ጋር ተመሳጥረዋል የሚል ክስ መጣባቸው፤ በመጨረሻም ጦራቸውን ይዘው ተነሡ። በጦር ሚኒስትሩ በደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ የሚመራው የመንግሥት ጦር በየጁና በበጌምድር አዋሳኝ፣ አንቺም ላይ ገጠማቸው። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ከገባ ገና ስምንት ወር አልሞላም ነበር። አውሮፕላን በመጀመሪያ ያዘነበው ወረቀት ነው፤ ጉግሣን የሚከተል የተወገዘ ነው የሚል የቤተ ክርስቲያን ቃል። ቦምቡ በኋላ መጣ። የጉግሣ ጦር በፈረስና በጠመንጃ ያደገ ነው፤ ከሰማይ የሚወርድ ውግዘትም ሆነ ከሰማይ የሚወርድ እሳት አያውቅም። ጉግሣ በዚያው ወደቁ።

አሁን ወደ አያቴ «ምናልባት» ልመለስ። ዘውዲቱ የስኳር በሽተኛ ነበሩ፤ በመጨረሻ ብርቱ ትኩሳት ይዟቸዋል። በቀዝቃዛ ጠበል ተነከሩ፣ ሰውነታቸውም አልቻለውም የሚል የዲፕሎማቶች ወሬ አለ። መርዝ ነው ያለም አለ። ሐዘን ነው የሚለው በሕዝብ ዘንድ የጸናው ነው፤ የዚህ ተቃራኒ የሆነው ዘገባ ግን የጦርነቱ ውጤት ሳይነገራቸው ነው ያረፉት ይላል። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ከአራቱ አንዱን መርጣችሁ ሌሎቹን የምታጠፉ ተማሪዎች አንብቤያችኋለሁ፤ ተዉ። ሐዘን የሚለውን የምትመርጡትም ውብ ስለሆነ ነው። እኔም ስለወደድሁት ነው ለብዙ ዓመት ያመንሁት። አያቴ ግን ምክንያቱን ቢስቱም አንድ ነገር አልሳቱም፤ ሌላው ሁሉ አመፀኛው ራስ የሚላቸውን ሰው እሳቸው «ባል» ብለው ይጠሩ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ቃል ያጣለትን፣ መርሳ ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ቃል ነበራት።

ዘውዲቱ በታዕካ ነገሥት በአታ ከአባታቸው አጠገብ ተቀበሩ። ከሰባት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ባለቤታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው በዚያው ዕለት ዘውድ ጫኑ፤ እቴጌም ተባሉ። የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ፣ የጎረቤታችን የአምባሰል ሴት ናቸው።