ጥርኝ ውኃ

የበላዔ ሰብን ታሪክ የሰማሁት ፊደል ቆጣሪ ሳለሁ፣ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ነው። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ውኃ ለጠማው ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ። «78ቱስ?» ብዬ የኔታን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ የላይኛው ሚዛን የሚመዝነው ልብን ነው» አሉኝ።

አድጌ ታሪክ ሳነብ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.)፣ ለሥዕሏና ለመስቀል አንሰግድም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን በጽኑ ቀጥተዋል። ልብ የሚመዘንበትን መጽሐፍ ያስነበቡት ንጉሥ፣ እሳቸው የመዘኑት የጉልበትን መንበርከክ ነበር።

ስለዚህ ልጆቼ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «ሰገዳችሁ ወይ?» ከማለቴ በፊት፣ «በልባችሁ ምን ነበር?» እላቸዋለሁ።